ስለ ወጣቶች የጠጕር አቈራረጥ ለወቃሾች የተሰጠ መልስ

ስለ ጠጕር መጻፍ ለዚህ ዓምድ የማይገባ ቀላል ነገር ነው የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም እስካለፈው ክረምት ድረስ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን በጠጕሩ ምክንያት ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲወጣ ካየሁ ወዲህ ነገሩ ቀላል መሆኑ ቀረብኝ፤ ስለዚህ ብዕሬን አነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስሙን ልተወውና፥ በአንድ ደብር ግቢ መዘምራኑ ለበዓል በሚሰለፉበት ጧት ቆሜ ነበር። ዕድሜው ዐሥራ ሰባት ዓመት ያህል የሚሆነው አንድ ልጅ ነጭ ልብሱን ለብሶ ከበሮውን አንግቶ በሁለተኛው ረድፍ ላይ ሳለ፥ አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ቀርበው ራሱን በበትራቸው ጫፍ እያመለከቱ «አንተ ልጅ፤ ይህን ራስ ማን እንዲህ አደረገልህ? ሂድ፤ እንደ ሰው ሆነህ ስትመጣ ትዘምራለህ» አሉት። ልጁም «እሺ አባባ» ብሎ ከበሮውን ለጓደኛው ሰጠና፥ ነጭ ልብሱን አጣጥፎ በብብቱ ይዞ ወጣ። ከቆምነው ሁሉ ቃል የተናገረ አልነበረም። እኔም አልተናገርሁም፤ ይኸን የምጽፈው አንድም ስለዚያ ዝምታዬ ነው።

ተከትዬው ብወጣ ከቅጥሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። አቀርቅሮ ነበርና ማጅራቱ ታየኝ። በጠጕሩ ድንበር ላይ ጥቃቅን ጠንካራ እባጮች ተደርድረዋል፤ ሁለቱም መግል ቋጥረዋል። «ይህ ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቀው «ምላጩ ነው ጋሼ፤ በየሳምንቱ ሲነካኝ እንዲህ ያደርገኛል» አለኝ። «ለሐኪም አሳይተሃልን?» ብለው፥ «ከኋላዬ ነው፤ ማን ያየዋል ብለው ነው?» ብሎ መለሰልኝ።

እንግዲህ ፍርዱን ስጡ። ሽማግሌው ልጁን ከፊቱ አይተው ነውር አገኙበት፤ ከኋላው ያለውን ቍስል ግን ያየለት አንድ ሰው አልተገኘም። በከተማችን ስለ ወጣቶች ራስ የሚነገረው ወቀሳ ሁሉ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቅርጹ ይወቀሳል፤ ምላጩ አይመረመርም። የኔ ክርክር የዚህ ተገላቢጦሽ ነው፤ ቅርጹን ለልጁና ለወላጆቹ እንተውላቸው፤ ምላጩን ግን እንመርምር።

ወቃሾቹ የሚወቅሱትን ነገር አጥርተው ያወቁት ስለማይመስለኝ አስቀድሜ ልናገር። ወጣቶቹ በእንግሊዝ ቃል «ፌድ» የሚሉት አቈራረጥ፥ የጎንና የኋላ ጠጕር ከሥሩ እጅግ አጥሮ ወይም እስከ ቆዳው ተነሥቶ፥ ወደ ላይ በወጣ ቍጥር በጥቂት በጥቂቱ እየረዘመ፥ ያለ ድንበር ከአናቱ ጠጕር ጋራ የሚገናኝበት ነው። የሙያው ምሥጢር ሁሉ «ያለ ድንበር» በሚለው ቃል ላይ ነው። በግንብ ላይ ያረፈ ጥላ እየሳሳ ሄዶ ብርሃን እንደሚሆን፥ ጠቈር ያለው የት አልቆ ነጣ ያለው የት እንደ ጀመረ ዓይን ሊለየው አይገባም። ለዚህ ባለሙያው በመኪናው አፍ ላይ በቍጥር የሚጠሩትን ማበጠሪያ መሳይ መክደኛዎች ይለዋውጣል፤ ቍጥር 1 ወደ 3 ሚሊሜትር፥ ቍጥር 2 ወደ 6፥ ቍጥር 4 ወደ 13 ሚሊሜትር የሚሆን ጠጕር ያስቀራሉ። በሁለቱ ቍጥሮች መካከል የሚቀረውን መስመር በመኪናው ጎን ያለችውን ትንሽ ዘንግ ከፈት ዘጋ እያደረገ ያጠፋዋል። እጁ የማይንቀጠቀጥ፥ ዓይኑ የማይቸኵል ሰው ካልሆነ ይኸን አይሠራውም። ተቀምጬ ሲሠራ አይቻለሁና የማደንቀው በሐሰት አይደለም።

ይኸን ሥራ «የዱርዬ አቈራረጥ» የሚሉት ሰዎች ከየት እንደ መጣ ቢጠይቁ ይገረሙ ነበር። ጎንና ኋላን እጅግ አሳጥሮ አናትን ማስቀረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ዓመታት፥ በአሜሪካ ወታደሮች ዘንድ የሥርዓትና የንጽሕና ምልክት ሆኖ የተለመደ ነበር። በኤሌክትሪክ የሚሠራውንም መቍረጫ መኪና ሊዮ ዋል የተባለ ሰው በኢሊኖይ አገር በስተርሊንግ ከተማ ሠርቶ፥ በ1919 የፈጣሪነት መብት ጠየቀበት። ኋላ በ1980ዎቹ የጥቍር አሜሪካውያን ጠጕር ቆራጮች አናቱን ከፍ፥ ጎኑን ሳሳ እያደረጉ ዛሬ በየአገሩ ወደሚታወቅበት ደረጃ አደረሱት። የኛን ጠጕር የመሰለ ጠጕር ባላቸው ሰዎች እጅ ያደገ ሙያ በመሆኑም ለኛ ራስ እንግዳ አይደለም፤ ጥቅጥቅ ብሎ የተጠቀለለ ጠጕር ጥላውን እኩል አድርጎ ይይዛልና።

«ባህላችን አይደለም» ለሚሉትም መልስ አለኝ። ቁንጮ ምን ነበር? የወንድ ልጅ ራስ ዙሪያውን ተላጭቶ በአናቱ ላይ ብቻ ጠጕር ሲቀርለት አላዩምን? ጋሜስ? ሳዱላስ? ምላጭ በራስ ላይ ቅርጽ ማውጣቱን ከፈረንጅ አልተማርነውም። ቁንጮ የሚለውንም ቃል ከማክበራችን የተነሣ ለተራራ ጫፍና ለሥልጣን ከፍታ ሰጥተነዋል። ዐፄ ቴዎድሮስና ዐፄ ዮሐንስ በሥዕላቸው ሹሩባ ተሠርተው ይታያሉ፤ ዛሬ እንደነርሱ ተሠርቶ የመጣ ወጣት በመዘምራን ረድፍ የሚቆም ይመስላችኋልን? ጎፈሬ የጀግና ጌጥ ነበረ፤ ካህኑ ተላጭቶ ይጠመጥማል፤ ባሕታዊው ያሳድጋል። በዚህ አገር ለራስ ሁሉ የሚሆን አንድ የአቈራረጥ ሕግ ኖሮ አያውቅም።

የሚከብደው የመጽሐፍ ጥቅስ ነው። ሽማግሌውን ኋላ ቀርቤ ባነጋግራቸው የጠቀሱልኝ ኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 19 ቍጥር 27 ነው፤ የራስን ጠጕር ዙሪያውን መከርከም ተከልክሏል አሉኝ። እውነት ነው፤ ቃሉ አለ። ነገር ግን ያው ቍጥር የጺምንም ዳር ማጥፋት ይከለክላል፤ ሽማግሌው ግን በዚያው ቀን ጺማቸውን በምላጭ አለስልሰው ተላጭተው ነበር። ወዲያው የሚከተለው ቍጥር 28 ደግሞ ስለ ሞተ ሰው ገላን መቈራረጥንና ንቅሳትን ይከለክላል። እንግዲያው በግንባራቸው ላይ የመስቀል ንቅሳት ያለባቸውን እናቶቻችንን ማን ከደጀ ሰላም መለሳቸው? ማንም አልመለሳቸውም፤ ሊመልሳቸውም አይገባም ነበር፤ ትእዛዙ በአሕዛብ የሐዘንና የጣዖት ልማድ ላይ የተነገረ መሆኑን አባቶች ያውቃሉና። ሄሮዶቱስ በሦስተኛው መጽሐፉ ስለ ዐረብ ሰዎች ሲጽፍ፥ ጆሮ ግንዳቸውን ተላጭተው ጠጕራቸውን ክብ አድርገው የሚቈርጡት አምላካቸውን ለመምሰል ነው ይላል። ነቢዩ ኤርምያስም እንዲህ የሚያደርጉ የምድረ በዳ ሕዝቦችን ያነሣል። የኛ ልጅ ግን የቅዳሜ ዕለት በወንበር ላይ ሲቀመጥ ማንን አምላክ መስሎ ነው? መልኩ ቢመሳሰል እንኳ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ ሕግም የሚመረምረው ምክንያቱን ነው።

ወደ ሐዲስ ኪዳን ብንሻገር ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በላከው በመጀመሪያው መልእክት በምዕራፍ 11 ወንድ ጠጕሩን ማስረዘሙን ይነቅፋል። ቢያሳድገው በጳውሎስ፥ ቢያሳጥረው በሙሴ የሚከሰስ ልጅ ራሱን ወዴት ያድርገው? ሕዝቅኤል በምዕራፍ 44 ቍጥር 20 ለካህናቱ መላጨትንም ማስረዘምንም ትቶ መከርከምን ይሰጣቸዋል፤ እኔም ከዚህ የሚቀርብ አቈራረጥ ብፈልግ በከተማችን ጠጕር ቤቶች ውስጥ የማገኘው ዝቅ ያለውን ፌድ ነው። (ይኸን ስል ተላጭተው የሚጠመጥሙትን አባቶቼን መንካቴ እንዳልሆነ ይመኑልኝ።)

ነገር ግን ለወጣቶቹ ጠበቃ መሆኔን አይተው ያለ ወቀሳ ያለፍኋቸው እንዳይመስላቸው።

አንደኛው ስሕተታቸው ምርጫው ላይ ነው። ወንበሩ ላይ ይወጣና በእጅ ስልኩ የአንድ ኳስ ተጫዋች ሥዕል አውጥቶ «እንዲህ አድርገኝ» ይላል። የተጫዋቹ ራስ ሌላ፥ የርሱ ራስ ሌላ መሆኑን አያስብም። ፌድ ከሚጀምርበት ቦታ የተነሣ በሦስት ይከፈላል፤ ዝቅተኛው ከጆሮ ጥቂት ከፍ ብሎ፥ መካከለኛው ከቅንድብ ጫፍ ጋራ ተስተካክሎ፥ ከፍተኛው ከዚያም አልፎ ወደ አናት ቀርቦ ነው። ፊቱ ክብ የሆነ ሰው ጎኑን አሳስቶ አናቱን ከፍ ቢያደርግ ያምርበታል፤ ፊቱ ረጅምና ቀጭን የሆነው ግን ያንኑ ቢያደርግ ፊቱ የባሰ ይረዝማል፤ ለርሱ ዝቅተኛው ይሻለዋል። በልጅነቱ ወድቆ በጎን ራሱ ጠባሳ የቀረበት ወይም ኋላ ራሱ ያበጠበት ሰው ከፍተኛውን ቢመርጥ የሸሸገውን ሁሉ አደባባይ አወጣ ማለት ነው። ጥሩ ባለሙያ ይኸን ሊነግረው ይገባ ነበር፤ ደንበኛው እንዳይቀየመው ብሎ ግን ዝም ይላል። በጆሮ በላይ ፊደልና መብረቅ በምላጭ የሚያስቀርጹትንስ እኔም አልወድላቸውም፤ በዚህ ከሽማግሌው ጋራ አንድ ነን።

ሁለተኛው በግንባር ላይ የሚደረገው የመስመር ነገር ነው። የጠጕሩን ድንበር በምላጭ ቀጥ ለማድረግ ሲባል በየጊዜው ከተፈጥሮው ድንበር ጥቂት ይነሣለታል። ዛሬ የቀጭን ክር ያህል፥ ከርሞ የአንድ ጣት ያህል ይሆናል፤ ልጁ ገና በሃያ ዓመቱ ግንባሩ እንደ አባቱ ግንባር ይሰፋል። የተነሣው በበቀለ ጊዜም በግንባሩ ላይ የአጨዳ ማግሥት ማሳ መስሎ ይታያል።

ሦስተኛው፥ ከሁሉም የሚብሰው፥ ስሌት አለማወቅ ነው። የሰው ጠጕር በወር አንድ ሳንቲሜትር ያህል ያድጋል፤ በቀን የሚሊሜትር ሢሶ ያህል ማለት ነው። እንግዲህ እስከ ቆዳው የተላጨ ጎን በዘጠኝ ቀን ውስጥ ወደ 3 ሚሊሜትር ደርሶ ከቍጥር 1 ጋራ ይተካከላል፤ ጥላው ሁሉ ይደፈርስና ያ የተደነቀለት ሥራ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልተከረከመ ራስ ይሆናል። ስለዚህ እስከ ቆዳው የሚላጭ ሰው መልኩን ለመጠበቅ በየሳምንቱ ወይም በየዐሥር ቀኑ ወንበር ላይ መውጣት ግዴታው ነው። ተማሪ ይኸን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? ከምሳው ገንዘብ ነው፤ አውቃለሁ። ከሥሩ ቍጥር 1 ወይም 2 አድርጎ ዝቅ ያለውን ፌድ የተቈረጠ ግን ሦስትና አራት ሳምንት ሥርዓቱን ጠብቆለት ይቈያል፤ ማጅራቱም አይቈስልም።

ወደ ማጅራቱ ልመለስ፤ የነገሩ ሁሉ መነሻ እርሱ ነውና። በድንጋዩ ላይ ያየሁት እባጭ ሐኪሞች በደንብ የሚያውቁት ደዌ ነው፤ ጠጕሩ የተጠቀለለ ጥቍር ወንድ ከሌላው ይልቅ ይያዝበታል። የጠጕሩ ሥር ይቈጣል፤ እስከ ቆዳ ድረስ በየጊዜው መላጨትና የልብስ ኮሌታ መፈተግ ቍጣውን ያባብሱታል። በጊዜ ከታወቀና ምላጭ ከራቀለት በመድኃኒት ይመለሳል። ቸል ከተባለ ግን እባጮቹ ተያይዘው ጠጕር የማያበቅል ጠንካራ ጠባሳ ይሆናሉ፤ ያም ዕድሜ ልክ ይኖራል። ልጁ ይኸን ሳያውቅ፥ እባጩ እንዳይታይበት ብሎ ማጅራቱን ይበልጥ ያስላጭ ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ባላስቸገርኋችሁ። ያ ልጅ የሰባት ዓመት ታናሽ ወንድሙን ወደዚያው ወንበር ወስዶ ነበር፤ ሕፃኑም ከጥቂት ሳምንት በኋላ ቆረቆር ወጣበት። ቆረቆር በዓይን ከማይታይ ሻጋታ የሚመጣ በሽታ ነው፤ ከራስ ወደ ራስ በማበጠሪያ፥ በፎጣና በመኪና አፍ ይሻገራል፤ ሕፃናትንም ከዐዋቂ ይልቅ ይይዛል። ሥሩ በጠጕሩ ውስጥ ስለ ሆነ ቅባት ብቻውን አይደርስበትም፤ ሐኪም የሚያዝዘውን የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት መውሰድ ያስፈልጋል። እናቱ ግን ቅባት ስትገዛ ቈይታለች። ከዚህም የሚከፋ አለ። በምላጭ ጫፍ ላይ የምትቀር፥ ዓይን የማያያት የደም ጠብታ የጉበት በሽታ ቢ የሚባለውን ቫይረስ ልትይዝ ትችላለች፤ ይህም ቫይረስ ከሰው ገላ ውጭ ቢያንስ ሰባት ቀን በሕይወት ይቈያል። የቅዳሜው ምላጭ እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ድረስ አደገኛ ነው ማለት ነው።

መድኃኒቱስ ከባድ ነውን? አይደለም። ለያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ በፊቱ ከወረቀቱ ይውጣ፤ ያለፈው ይጣል። የመኪናው አፍ በመጀመሪያ ከተጣበቀበት ጠጕር በብሩሽ ይጠረግ፤ ከዚያ ወዲያ ሰባ በመቶ የሆነ አልኮል ይርከፈከፍበትና እስኪደርቅ ይቈይ። ጠጕሩ ሳይጠረግ አልኮል ማፍሰስ እድፍን ማርጠብ ነው። ሰማያዊ መብራት ያለበትን ሣጥን አስቀምጠው «ይህ ሁሉን ይገድላል» የሚሉም አሉ፤ ብርሃኑ ያላረፈበትን ጎንና ከጠጕር በታች ያለውን ግን አያነጻም። ፎጣውም ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍ። ይህ ሁሉ ሲደረግ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው።

ይኸን ይዤ ወደ ልጁ ጠጕር ቆራጭ ሄድሁ። ክፉ ሰው አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ያገኘሁት ግን ሙያውን በመጥረጊያ ጀምሮ ወደ መኪናው የደረሰ ትሑት ወጣት ነው። «ጋሼ፤ አልኮሉ አለኝ» ብሎ ከመደርደሪያው አውርዶ አሳየኝ፤ ጠርሙሱ አቧራ ለብሷል። «ቅዳሜ ወንበሩ አይበርድም። የሚጠብቀው ሰው ይነጫነጫል፤ የተቀመጠውም ቶሎ በል ይለኛል። እስከ ዛሬ ምላጩን የጠየቀኝ እርስዎ ነዎት» አለኝ። እውነቱን ነው። ሁላችን ከመስተዋቱ ፊት ተቀምጠን የምናየው የራሳችንን ፊት እንጂ የርሱን እጅ አይደለም። ወቃሾቻችንም፥ እውነት ስለ ወጣቱ ራስ የሚያስቡ ከሆነ፥ በበትራቸው ጫፍ ከሚያመለክቱ ይልቅ በዚያ ደጅ ቆመው «ምላጩ አዲስ ነውን?» ብለው አንድ ጊዜ ቢጠይቁ ይበልጥ በጠቀሙ ነበር።

ሽማግሌውን የጠራኋቸው በሚቀጥለው እሑድ ነው። ልጁ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ፤ እርሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ማጅራቱን ብዙ ጊዜ ተመለከቱ። እኔ ስለ ዘሌዋውያን ያዘጋጀሁት ክርክር ሁሉ በአፌ ላይ ነበር፤ እርሳቸው ግን ክርክር አልፈለጉም። «ያምሃልን?» አሉት። «ስተኛ ያመኛል አባባ» አላቸው። ከዚያም ወደኔ ዞረው «ያ አልኮል የምትለው ስንት ነው ዋጋው?» አሉኝ።

ዛሬ ልጁ መድኃኒቱን እየተቀባ ነው፤ ማጅራቱንም ምላጭ ሳይነካው በቍጥር 2 ይከረከማል። ትንንሾቹ እባጮች ጠፍተዋል፤ ሁለቱ ትላልቆች ግን ጠንክረው ቀርተዋል፤ በነርሱ ላይ ጠጕር እንደማይበቅል ሐኪሙ ነግሮታል። ታናሽየውም መድኃኒቱን በመዋጥ ላይ ነው። ለመስቀል በዓል ሰልፍ ላይ ሽማግሌው በረድፉ መካከል ሲያልፉ በልጁ ፊት ቆሙና ጎኑን አይተው «አሁንም ትንሽ ከፍ ብሏል» አሉ፤ ከበሮውን ግን አላስቀመጡትም።